ሬሳ የማያሳልፍ መንገድ

የእናቴን መርዶ የነገሩኝ እዚህ ቤይሩት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የማኅበራችን እህቶች ናቸው። ጫማዬን ላደርግ ጎንበስ ስል ዙሪያዬን መጥተው ቆሙ፤ ያኔ ገባኝ። እሱንስ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ጾሟን ሳታጓድል፣ ቆርባ ነው የሄደችው። መቀበል ያቃተኝ ከሰዓት በኋላ እህቴ በስልክ የነገረችኝን ነው።

«ቀብሩ እንዴት ነበር?» አልኳት።

ስለ ድንኳኑና ስለ ንፍሮው ማውራት ጀመረች።

«ምነው? ሰው አልመጣም?»

«ሰውማ ሞልቶ ነበር። መንገዱ ነው እንጂ… ሳጥኑ መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። በጋሼ ግንብ ላይ አሻግረን አወጣናት።»

ጋሼ የምንለው ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን የአጥር ጎረቤታችንን ነው። የእኛ ቤት አቃቂ፣ የአንድ ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ደርግ በወደቀ ማግስት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ መንገድ የማይደረስበት ቦታ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ገበያው፣ እናቴ በፈረቃ የምትሠራበት ፋብሪካ፣ ሁሉም በእግር ነበር። አህያ ከነጭነቱ ያልፍበታል፤ ዣንጥላ የያዘች ሴት ሰው ሲመጣባት ዣንጥላዋን አታጥፍም። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲመለስ በየበሩ እየቆመ ሰላም ሲል ምሳው ይበርዳል። እናቴ ታዲያ «የአንተ እኮ የሚደክመው እግርህ አይደለም፣ አፍህ ነው» ትለው ነበር።

በኋላ ባቡሩ ቀረ። የእናቴ ፋብሪካም ሠራተኛ ቀነሰ። ቀጥሎ ደግሞ ቂሊንጦ አዳዲስ ፋብሪካዎች ተከፈቱና ቤት ፈላጊ ሠራተኞች ወደ ሰፈራችን ጎረፉ። ሁሉም በግቢው የሚከራዩ ክፍሎች ደረደረ። ግቢው ሲሞላ አጥር ወደ መንገዱ መውጣት ጀመረ። ማንም ብዙ አልወሰደም። አንዱ ስንዝር፣ ሌላው ክንድ። ጋሼ ቆርቆሮውን አፍርሶ መታጠፊያው ላይ ብሎኬት ያስገነባ ጊዜ እኔ ገና ከአገር አልወጣሁም፤ እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠይቀው ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ አጥርዎ እግር አወጣ እንዴ? ትናንት እኮ እዚያ ነበር!»

«ምን ላድርግ፣ ቤተሰብ ሲበዛ አጥርም ይራመዳል።»

«ይራመድ። የሬሳ መውጫ ብቻ ይተዉልን።»

«ኧረ ተይ! አንቺ ሁላችንንም ቀብረሽ ነው የምትሞቺው!»

ሁለቱም ሳቁ። ግንቡ ግን አለቀ።

በኋላ ለካርታ ሊለኩ የመጡት ሰዎች መንገዱ ድሮም እንዲህ ጠባብ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ድሮም እንዲሁ ነው» አለ። አልነበረም ያለው አባቴ ብቻ ነው። እኛ የሚከራይ ክፍል ስላልሠራን፣ ቅናት ነው አሉት።

እህቴ የነገረችኝ ከዓይኔ አይጠፋም። ሳጥኑን ወደ ላይ ሲያነሱት፣ ከግንቡ ማዶ ተከራዮቹ የሥራ ልብሳቸውን አጥበው አስጥተው ኖሯል። ያልደረቀ እጅጌ እናቴ የተኛችበትን ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ጠረገው። ጋሼ ከታች ሆኖ ተቀበለ። እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር አለች። አምናለሁ፣ ይወዳት ነበር። ድንኳን የተከሉላትም፣ በትከሻቸው የተሸከሟትም፣ መንገዷን የበሉባትም እነዚያው ሰዎች ናቸው። ንስሐ አባቴ ይቅር በያቸው ብለውኛል። ይቅር እላለሁ። ግን ለጸሎት ቆሜ «ይቅር በለን» ከሚለው ስደርስ አፌ ይያዛል።

አባቴ አሁንም እዚያው፣ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ጉልበቱ ከድቶታል። ከሰልስቱ በኋላ እህቴን «እኔንስ በየት ልታወጡኝ ነው?» አላት። ቀልድ መስሏት ቀና ብላ ብታየው፣ አልሳቀም።

እናንተ በዚያ ቀን የነበራችሁ፣ እናቴን በግንብ ላይ ያሻገራችሁ፣ ስላነሳችኋት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ አልለምናችሁም። አባቴ በሕይወት ሳለ ያቺን መታጠፊያ መልሷት፤ ጋሼ ግንቡን፣ ሌሎቻችሁም አጥራችሁን ሰብስቡ። ያኔ ምርኩዙን ይዞ አንድ ቀን እንኳ በበሩ ወጥቶ፣ በየደጃችሁ ቆሞ ሰላም ይበላችሁ።