በወይራ የታጠነ ውሃ

ልጄ፣ የሞተብሽን ዓሣ ካወጣሽው በኋላ ባዶውን የብርጭቆ ዕቃ አሸተትኩት። የቧንቧ ውሃ ይሸታል፤ እኔን የሸተተኝ ግን የወይራ ጭስ ነው።

ያኔ የምንኖረው አሰበ ተፈሪ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሥራ ይዞ በዓመት አንዴ ብቅ ይል ነበር። አንድ በዓል ላይ ለእናታችን የገዛውን ዓሣ በብርጭቆ ይዞ ከመኪና ወረደ። እንደ አንቺው ዓሣ ቀይ ነበር፤ ክንፉ ረጅም። የመስኮቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ግድግዳው ላይ ቀይ ጥላ ይወዛወዝ ነበር። ጫት ነጋዴዋ ጎረቤታችን ዓሣን በኦሮምኛ ጠርታ፣ «ይሄ ቁርጡሚ ለአንድ ጉርሻም አይበቃም» ብላ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

በቤታችን ለክቡር እንግዳ ብቻ የሚቀርብ ውሃ ነበር፤ በወይራ ጭስ በታጠነ ገንቦ አድሮ፣ በተራራው ብርድ ቀዝቅዞ። ወንድሜ ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ እናቴ በየማለዳው የዓሣውን ውሃ ደፍታ ያን ትሞላለት ጀመር። ከምንጭ ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ወባ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ እንኳ የተሰጠኝ ተራው የበርሜል ውሃ ነው። ቀናሁ። መጀመሪያ በወንድሜ፣ ኋላ በዓሣው። እናቴ ጎንበስ ብላ ስታየው እኔ እሷን አይ ነበር።

አንድ ማለዳ በጎኑ ተንሳፎ ተገኘ።

«ምን አደረግኸው?» አለችኝ።

«አልነካሁትም።»

«ዓይንህን አይቼዋለሁ እኮ።»

እውነቷን ነው፣ ዓይኔን አይታለች። እጄን ግን አላየችም። ለወንድሜ «ሞተ» ብቻ አለችው፤ እኔን አላነሳችም። እንደዚያ መሸፈኗ ከዱላ ይልቅ አመመኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ዳግም ሳናነሳው እሷም ከዚህ ዓለም አለፈች።

ዓሣውን የሸጠልሽ ሰውዬ ትናንት በስልክ ሲነግርሽ ሰማሁ። ሙቀት ይወዳል፣ ውሃውን ባንዴ አትለውጪበት፣ ቀዝቃዛና ሽታ ያለው ይገድለዋል አለሽ። አንቺ ስለ ዓሣሽ አዘንሽ፤ እኔ በተቀመጥኩበት ቀረሁ። የወንድሜን ዓሣ የገደለው እናቴ የሰጠችው ክብር ነበር። ሰው የሚያከብረውን ፍጡር ምን እንደሚስማማው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ይህን ያዢልኝ።

ውሸት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን እናቴ ብትኖርና ደግማ ብትጠይቀኝ፣ «እኔ ነኝ» እላት ነበር።