እጄ ታስሮ የመረመርኩት ድራይቨር

በቦታው የነበሩት እነዚህ ናቸው። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ ባለቤት እትዬ አስቴር። የፈተና ወረቀት ሊያስጽፍ የመጣው መምህር ማቴዎስ። ከጎናችን የሚሠሩት በያጅ ጋሽ ዳና። ያሠሩትን የግቢ በር ሊወስዱ ከቦምቤ የመጡት ወይዘሮ በላይነሽ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ እትዬ አስቴር ቤት አንዷን ጥግ ተከራይቼ ስልክ እጠግናለሁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን ነው። የማልረሳው ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውነቴን ሙሉ በሙሉ ስለማላምነው ነው። ንግግራችን ግማሹ ወላይትኛ ነበር፤ እዚህ ሁሉንም በአማርኛ ጽፌዋለሁ።

ስልክ ከመጠገን ሌላ ደመወዝ የማይከፈለው አንድ ሥራ አለኝ። ከርነል የሚባለውን፣ የኮምፒውተሩን ሥርዓት ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች እየጻፉ ያሻሽሉታል። የጻፉትን ኮድ ለሁሉም ይልኩታል። የፈለገ ሰው አንብቦ ስህተት ካየ ይናገራል። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ፣ የሌሎችን ክርክር እያነበብኩ ነው የለመድኩት።

በዚያ ሰሞን አንድ ውጭ አገር ያለ ሰው ለአዲስ የፍላሽ ሜሞሪ ተቆጣጣሪ ድራይቨር ጽፎ ላከ። ፍላሽ ሜሞሪ ስልካችን ውስጥ ፎቶና መልእክት የሚያስቀምጠው ዕቃ ነው። ተቆጣጣሪው ያንን ዕቃ የሚያዝ ቺፕ ነው፤ ድራይቨሩ ደግሞ በከርነሉና በቺፑ መካከል ሆኖ ያስተረጉማል። ኮዱ ንጹሕ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ሜሞሪው በብዙ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በአንዱ ክፍል ላይ መጻፍ አንዴ ካልተሳካ ድራይቨሩ ዳግም አይሞክርም፤ ክፍሉን "ተበላሽቷል" ብሎ ለዘለዓለም ይዘጋዋል።

ጻፍኩለት። ክፍሉ ደህና ሆኖ፣ ኤሌክትሪኩ ለአፍታ ደክሞ ቢሆንስ? እንዲህ እያለ ደህናውን ሁሉ ቢዘጋ የሰው ሜሞሪ ያልቃል፤ ሰው ፎቶውን ያጣል አልኩት።

በትሕትና መለሰልኝ። እሱ ያለበት አገር ኤሌክትሪኩ አይደክምም። ማሳየት ከቻልኩ ያስተካክላል። የተጻፈውን የሚያጸድቀው ኃላፊ ደግሞ ከሥሩ፣ "እስከ ዛሬ ማታ ማስረጃ ካልመጣ አስገባዋለሁ" ብሎ ጨመረበት።

ከዚያ በፊት የላክኋቸው እርማቶች ሁሉ ጥቃቅን ነበሩ። ይሄ የመጀመሪያው እውነተኛ ተቃውሞዬ ነው። ባዶ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስሜን ያየ ሁሉ ሳያነብ እንደሚያልፈኝ አውቀዋለሁ።

ደግነቱ፣ ኤሌክትሪክ በማድከም የእኛን ሰፈር የሚያህል የለም። ጋሽ ዳና መበየድ ሲጀምሩ የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ቢጫ ይሆናል። በዚህ ምክንያት እትዬ አስቴር ብዙ ጽሑፍ ጠፍቶባት ተጣልተው ነበር። ሽማግሌ ገባና ታረቁ። እርቁም ጋሽ ዳና ከመበየዳቸው በፊት ሁልጊዜ "ልለኩስ ነው!" ብለው እንዲጮሁ ነው። እሳቸው ሲጮሁ እኛ ዕቃችንን እናድናለን።

አዲሱ ቺፕና ድራይቨሩ ያሉበትን የመሞከሪያ ቦርድ፣ የደንበኞችን ስልክ ቻርጅ በማደርግበት ባለ ማጥፊያ ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። ላፕቶፑን በባትሪ አደረግሁት፤ ቦርዱ የሚናገረውን ሁሉ እንዲመዘግብልኝ። ከዚያ ጋሽ ዳና ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሽ ዳና፣ ዛሬ በርትተው ይበይዱልኝ።"

የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። "አስቴር ናት የላከችህ? ሽማግሌ ልታስጠራብኝ ነው?"

"እኔ የለሁበትም!" አለች እትዬ አስቴር ከውስጥ።

የበሩ ሥራ ሊያልቅ ነው፤ የቀሩት ማጠፊያዎቹ ብቻ ናቸው። እነሱ ካለቁ በሩም፣ እዚያ ለመትከያ የብየዳ ማሽኑም ደጅ በቆመው አይሱዙ ተጭነው ወደ ቦምቤ ይሄዳሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ዳሞታ ተራራ ላይ የጠቆረውን ደመና እያዩ፣ "ዝናብ መጣብኝ እኮ። የአንተ ሙከራ በእኔ በር ላይ ነው?" አሉ።

"ልለኩስ ነው!"

አምፖሉ ቢጫ ሆነ። ቦርዱ ጠፋ። ላፕቶፑ ላይ ምንም የለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። አሰብኩ፦ ኃይሉ በጣም ስለሚደክም ቦርዱ ጭራሽ ይጠፋል። የጠፋ ቦርድ ደግሞ ምንም አይጽፍም፣ ምንም አይዘጋም። ስለዚህ ሰውየው ልክ ነው፣ እኔ ተሳስቻለሁ። "ሞክሬዋለሁ፤ የሰጋሁት አልታየም፤ ተቃውሞዬን አንስቻለሁ" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

መምህር ማቴዎስ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ያነባል። "ተሸነፍክ?"

"ቦርዱ ይጠፋል።"

"አንተ እያጠፋኸው እንዴት አይጠፋ?"

"ማን?"

"አንተ ነሃ! በግራ እጅህ ማከፋፈያውን ታጠፋዋለህ፣ ከዚያ መልሰህ ታበራዋለህ።"

"እኔ ምንም አላጠፋሁም" አልኩ። የማደርገውን የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ ደንበኞቼ ያውቁኛል፤ አንዲት ብሎን ያለቦታዋ አላስገባም።

"ሁለቴም አጥፍተሃል" አለች እትዬ አስቴር።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"የሥራው ክፍል መስሎኝ!"

"እኔማ ረቂቅ ነገር መስሎኝ በአክብሮት ነበር የማይህ" አለ መምህር ማቴዎስ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጋሽ ዳና በጮሁ ቁጥር የደንበኛ ስልክ እንዳይቃጠል ማከፋፈያውን አጠፋለሁ። እጄ ይህን እኔን ሳያማክር ተምሮታል። ማከፋፈያው ሲጠፋ ደግሞ ቦርዱ ወዲያው ቀጥ ይላል፤ ኃይሉ የሚደክምባትን አፍታ አያያትም። ቢሆንም አላመንኩም። ለሚቀጥለው እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ።

"ልለኩስ ነው!"

ቦርዱ ጠፋ። ከኋላዬ ጎል የገባ ይመስል ተጮኸ።

"አየህ?"

"አላየሁም!"

ሮጬ ወጣሁ። አንድ ማጠፊያ ብቻ ቀርቷል። "ጋሽ ዳና፣ የመጨረሻውን ሳይጮሁ ይበይዱልኝ።"

"ለሽማግሌ ቃል ሰጥቼ? ለአንድ ቺፕ ብዬ?"

"እትዬ አስቴር እኮ ትፈቅዳለች።"

"አስቴር ብትፈቅድም እግዜር ይሰማኛል" አሉና መነጽራቸውን አወረዱ።

"እንግዲያው ይታሰር!" አለች እትዬ አስቴር። ይህን ስትል ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ለሳይንስ አልነበረም። ወይዘሮ በላይነሽ ከመኪናው ገመድ አመጡ። "ዝንጅብል ነጋዴ ነኝ፤ ስንት ጆንያ አስሬያለሁ" አሉና ሁለቱንም እጆቼን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ጠፈሩኝ። ቋጠሮውን ሳብ አድርገው ሞከሩት። "ሎኦ!" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

"ልለኩስ ነው!"

ግራ ትከሻዬ ዘለለ። ወንበሩ ከእኔ ጋር ወደ ማከፋፈያው ተንቀሳቀሰ። መምህር ማቴዎስ በሆዱ ደግፎ አቆመኝ። አምፖሉ ቢጫ ሆነ። ቦርዱ ግን አልጠፋም። ላፕቶፑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፦ መጻፍ አልተሳካም፤ ክፍሉ ተዘግቷል። ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ሌላ። ኃይሉ ሲመለስ፣ ለዚሁ ብዬ የጻፍኩት ፕሮግራም የተዘጉትን ክፍሎች በራሱ ፈተሻቸው። ሁሉም ደህና ናቸው።

"ደህናውን ነው የዘጋው!" ብዬ ጮህኩ። እትዬ አስቴር እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አታውቅም ነበር።

"ምን አገኘ?" አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

"ስህተት" አለ መምህር ማቴዎስ።

"ታዲያ ምን ያስፈነድቀዋል?"

"ይኸውልዎ፣ አንድ ተማሪ አንድ ቀን ቢያስነጥስ፣ ሞቷል ብዬ ከክፍል ብሰርዘውስ? የዚያ የውጭ አገሩ ሰው ፕሮግራም እንደዚያ እያደረገ ነው።"

"ምስኪን" አሉ። ለማን እንዳዘኑ አልገባኝም።

ጋሽ ዳና ጓንታቸውን እያወለቁ ገቡ። በእኛ ሥራ ከተስተካከለው ኮድ ሥር የሞከረው ሰው ስም እንደሚጻፍ ጠዋት ነግሬያቸው ነበር። "ማን ሞከረው ብለህ ነው የምትጽፈው?" አሉኝ።

"ይፍቱኝና እንነጋገር።"

"አይ፣ እንዲሁ እንደተቀመጥክ ተነጋገር።"

አሰብኩበት። እኔ ቁጭ ብያለሁ፤ ኃይሉን ያደከሙት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ለመጻፍ ከሆነ ስማቸው መግባት አለበት። እሺ አልኩ።

"የእኔስ?" አለች እትዬ አስቴር።

"አንቺ ምን አደረግሽ?"

"መሰከርኩብህ!"

በዚህ መሃል የአይሱዙው ሾፌር ገመዱን ፍለጋ ገባ። እኔን አየ፣ ላፕቶፑን አየ፣ ማከፋፈያውን አየ። "ማከፋፈያውን ራቅ አታደርጉትም ነበር?" አለ።

መምህር ማቴዎስ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ።

በሩ ዝናቡ ሳይጀምር ተጫነ። እኔም ተፈትቼ ማስረጃውን ላክሁ። ሌላው ሰው ሙከራውን መድገም እንዲችል እያንዳንዱን ነገር መዘርዘር ግዴታ ስለሆነ፣ "በዚያው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ የብየዳ ማሽን ይለኮስ፤ የሞካሪው እጅ ከማከፋፈያው ይራቅ" ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው ድራይቨሩን አቆየው። ሰውየውም ኃይል የሚያደክም መሣሪያ ተውሶ ራሱ አየውና አስተካከለው። አሁን ድራይቨሩ አንድን ክፍል ከመዝጋቱ በፊት ኃይሉ እስኪመለስ ጠብቆ ዳግም ይሞክራል። ከሥሩ ሞካሪ ተብለው ጋሽ ዳና ተጽፈዋል። ባለቤታቸው አላመኑም፤ እኔ ተጠርቼ ከስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው።

ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ፤ ግን ትንሽ እፈራለሁም። ሌላስ ምን እያደረግሁ ነው ሰው የሥራው ክፍል መስሎት ዝም የሚለኝ? የድራይቨሩ ጸሐፊ አመስግኖኝ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ጠይቆኛል፦ የሞካሪው እጅ ለምን ይራቅ? እስካሁን አልመለስኩለትም። እርግጠኛ ያልሆንኩትን ነገር መጻፍ አልወድም፤ እጄን ደግሞ አንድም ጊዜ አላየሁትም። ስለዚህ እትዬ አስቴር፣ መምህር ማቴዎስ፣ ወይዘሮ በላይነሽ፣ ይህን ካነበባችሁ ያያችሁትን ጨምሩበት። በየትኛው ጣቴ ነበር የማጠፋው? መልሼ ሳበራውስ ፊቴ ምን ይመስል ነበር?