ያላየነውን «ሹር» የማንልበት ቤት

ባለፈው ወር ናይሮቢ በምሠራበት ቢሮ አንድ የግድግዳ ሶኬት ተቃጠለና የሽቦ ላስቲክ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ደረጃው ሲሮጥ እኔ ቆሜ ቀረሁ፣ ያ ሽታ ለእኔ የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነውና። ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ባለው የጭቃ ቤታችን በር ኋላ ተሰቅሎ የሚያድረው ሰማያዊ ሸሚዙ፣ እናቴ ስንት ጊዜ በሳሙና ዘፍዝፋ ብታጥበውም፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ይሸት ነበር።

አባቴ የመብራት ሠራተኛ ነበር። በስደት ከመሀል አገር መጥቶ ኬንያ በኩል የቀረ ሰው ሲሆን፣ የከተማውን ሱቅና ሆቴል ሽቦ እየዘረጋ ስላሳደገን ሁሉም በስዋሂሊው «ፉንዲ ኃይሉ»፣ ባለሙያው ኃይሉ እያለ ይጠራው ነበር። እናቴ ደግሞ አባቷ ከደጋ ወርደው ሞያሌ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ስለነበሩ፣ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር፣ ምላሷም እንደ መቀሷ ፈጣን ነበር። ታላቅ እህቴ ሰናይት አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት እኔ ገና የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ ቀደም ባለ አንድ ቦና፣ ዝናብ ጠፍቶ አቧራ ከምግብ ጋር በሚታኘክበት ወራት፣ አባቴ አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦ ሊቀጥል ሲል ባለቤቱን «አጥፍተኸዋል?» ብሎ ጠየቀው፤ ሰውዬው ከሻይ ብርጭቆው ቀና ሳይል «ሹር!» አለው፣ እርግጠኛ ነኝ ማለቱ ነው። ያጠፋው ግን የሳሎኑን ነበር። አባቴ ከመሰላሉ ተወርውሮ ወደቀ። ቤት ሲያመጡት ሸሚዙ ይጨስ ነበር የሚለው የእናቴ ማጋነን ሊሆን ይችላል፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም።

ከአልጋ የተነሳ ዕለት ሕግ አወጣ። «በዚህ ቤት በዓይኑ ያላየውን፣ በእጁ ያልነካውን ‹ሹር› የሚል ሰው እንዳይኖር። የሰማ ‹ሰምቻለሁ› ይበል፤ ያላወቀ ‹ይመስለኛል› ይበል፤ ማንም አይሞትም።» ሕጉን የጣሰ የዕለቱን ዕቃ ያጥብ ነበር። በርሜሉ ውስጥ ውሃ አለ ወይ ተብለን ስንጠየቅ፣ እኔና ሰናይት ሄደን፣ ክንዳችንን እስከ ክርናችን ነክረን፣ ውሃው እየተንጠባጠበ መጥተን እጃችንን እያሳየን «ሹር» እንል ነበር። እናቴ ብቻ ነበረች ሕጉን ከቁም ነገር ያልቆጠረችው፤ ዕቃውንም ያው እሷ ስለምታጥብ ቅጣቱ አያስፈራትም ነበር።

ከደጃችን ውጭ ግን ያቺ የእንግሊዝኛ ቃል እንደ አሸዋ የትም ትዘገን ነበር። የመኪናው ሹፌር «ነገ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን፣ ሹር» ካለ፣ ተሳፋሪው ሻንጣው ላይ ሦስት ቀን ያድር ነበር። ሠርግ የተጠራ ሰው «ሹር እመጣለሁ» ካለ እንደማይመጣ ታውቆ ሥጋው በዚያው ልክ ይቆረጥ ነበር። ጎረምሶቹ ያችኑ ቃል ሰብረው «ሹዋ» ሲባባሉ ሰማሁህ ማለታቸው እንጂ ምንም መማላቸው አልነበረም። ትምህርት ቤት ደግሞ አስተማሪያችን ደብተራችን ላይ አጎንብሶ «አር ዩ ሹር?» ያለን እንደሆነ፣ በትክክል የሠራነውን ሳይቀር በላጲስ ጠርገን እናጠፋው ነበር። አንድ ቃል ገበያ ላይ ማባበያ፣ ክፍል ውስጥ ማስፈራሪያ፣ እኛ ቤት ደግሞ መሐላ ሆና ኖረች።

የሰናይት የኮሌጅ ደብዳቤ የመጣው በመጋቢት ማለቂያ፣ ዝናቡ ቀዩን አፈር ጭቃ አድርጎ መኪኖቹን መንገድ ላይ ባቆመበት ሰሞን ነበር። ሜሩ ከሚገኝ የመምህራን ኮሌጅ ተቀብለዋት በመስከረም እንድትገባ ጽፈውላት ነበር። እናቴ ደብዳቤውን ለደንበኞቿ ሁሉ አሳየች። የቀረው ነገር ኪፓንዴ የምንለው መታወቂያ ብቻ ነበር፣ እሱ ከሌለ ግን በየኬላው ከአውቶቡስ ያወርዳሉ፣ ኮሌጁም አይመዘግብም። የድንበር ልጅ ደግሞ ኪፓንዴ ለማግኘት ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደተወለደ፣ ጎረቤቱ ማን እንደነበረ መጠየቅ አለበት።

የቀረበችበት ዕለት እናቴ ለለቅሶ ወደ ሜጋ ተሻግራ ስለነበር ከአባቴ ጋር እኔም ሄድኩ። ቺፍ ከምንለው የአካባቢው ሹም ቢሮ ጎን ባለው አዳራሽ ሽማግሌዎቹ በረጅም ጠረጴዛ ተደርድረው፣ መካከል ላይ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ምዜ የምንላቸው አዛውንት ተቀምጠው ነበር። ሰናይት የአያታችንን ስም፣ የትምህርት ቤቷን፣ የጎረቤቶቻችንን ስም ሁሉ ሳትደናቀፍ መለሰች።

«የት ተወለድሽ?»

«ኦዳ መንደር፣ ቤት ውስጥ።»

«አር ዩ ሹር?»

እህቴ ትንሽ አሰበች። «ሹር አይደለሁም፣ ምዜ። እናቴ ናት የነገረችኝ።»

ምዜው ቀስ ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። «ፉንዲ፣ አንተስ?» አባቴ ቆቡን አውልቆ ቆመና «እኔ ያን ጊዜ ሶሎሎ ሥራ ላይ ነበርኩ። የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው» አለ። ያኔ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፣ እኔም ሳቅኩ። ምዜው ግን ፋይሉን ከክምሩ ሥር እየከተቱ «በነሐሴ እንደገና እንቀመጣለን፣ ሹር የሆነ ሰው ይዛችሁ ኑ፣ ከቤተሰብ ውጭ» ሲሉ የሰናይት ፊት ሲገረጣ አየሁ፤ ስለሳቅኩ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እናቴ ከሜጋ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረች። «አንተ ሰውዬ! የመብራት ሕግህን ለመብራት አታደርገውም? ልጄ ተወልደሻል ወይ ተብላ ‹ይመስለኛል› ትበል?» አባቴ የማይታጠፉ ጣቶቹን ያሽ ጀመር። ወደ ሰናይት ዞራ «በሚቀጥለው ‹ሹር› ትያለሽ፣ አለቀ!» አለቻት።

«አልልም።»

«ምን አልሽ?»

«እማዬ፣ እዚያ የሚቀርበው ሰው ሁሉ እኮ ሹር ይላል፣ ለዚህ ነው ሽማግሌዎቹ የማያምኑት። እኔ ስል እንዲያምኑኝ ነው የምፈልገው። ስወለድ ማን ነበረ? እሱን ንገሪኝ።»

ስትወለድ የነበሩት አኮ ዳርሚ ነበሩ፤ አኮ ቦረናዎች ሴት አያታቸውን የሚጠሩበት ነው። ወደ ማንያታ ከመምጣታችን በፊት ኦዳ ጎረቤታችን የነበሩ አዋላጅ ናቸው፤ ኋላ ልጃቸው ከብት ይዞ ወደ ቦሪ ሲሄድ አብረው ሄዱ። «በሕይወት አሉ?» ብላ ሰናይት ስትጠይቅ እናቴ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከዚያ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይመስለኛል» አለች።

ዝናብ የሌለው ብርዳምና ነፋሻ ወቅት ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ሥራውን እየተወ፣ እኔን መሀል አድርገው ሦስታችን በአንድ ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ተቆልለን፣ በሻሽ ተጠምጥመን ወደ ቦሪ እንሄድ ነበር። የአኮ ዳርሚ ልጅ ከብቱን ይዞ ወደ ውሃ ጉድጓዶቹ ስለወረደ ቤታቸው ተዘግቶ አገኘነው። ከዚያ በየመንደሩ መጠየቅ ሆነ። አንዱ «ሞተዋል፣ ሹር!» ይለናል፣ ሁለት ቤት ዘለን ስንጠይቅ ሌላው «ልጃቸው ዘንድ ናቸው፣ ሹር!» ይለናል፣ አባቴም ሁሉንም «በዓይንህ አይተሃቸዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ያየ አንድም ሰው አይገኝም ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ጎማ ፈንድቶብን ግማሹን መንገድ በእግር ስንመለስ እኔ አለቀስኩ፣ አባቴም «ይብቃን መሰለኝ» አለ። ሰናይት ግን ከፊታችን እየሄደች፣ ሳትዞር፣ «የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብለን እንነሳ» አለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከጉድጓዶቹ አጠገብ አገኘናቸው። ግራር ሥር ተቀምጠው የወተት ዕቃ ይሰፉ ነበር፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ስፌቱን ያለ ዓይን ይሄድበት ነበር። አባቴ በኦሮምኛ የማን ልጅ እንደሆነች ሲነግራቸው ስፌቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ያቺ በእግሯ የመጣችው?» አሉ። ፍየሎቹ ወደ በረት ሲገቡ ምጡ እንደጠና፣ ከራሷ እግሯ እንደቀደመ፣ ስትወጣም እንዳላለቀሰች፣ እፍ እያሉ ነፍስ እንደዘሩባት፣ እናቴም ደም ፈስሷት «ሁለቱም ሄዱ» ብለው እንደነበር አንድ በአንድ አወሩ። እናቴ ይህን ለእኛም ሆነ ለአባቴ ነግራ አታውቅም። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ማታ እናቴ ዕቃ ልታጥብ ስትነሳ ከእጇ ተቀብሎ እሱ አጠበ።

በነሐሴ አኮ ዳርሚ በከብት መኪና ጋቢና ተቀምጠው ከተማ ገቡ፣ እናቴ ከሱቋ ምርጥ ያለችውን ሻሽ አልብሳቸው አዳራሹ በር ድረስ ደግፋ አመጣቻቸው። ያው ባለ ሂናው ምዜ «አኮ፣ ሹር ነዎት?» ብለው ጠየቋቸው። አሮጊቷ ተቆጡ። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ሀርካ ኪያን!» አሉ፣ በእጄ ማለታቸው ነው። «በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳት! አንተን የተቀበለችህን ሴት ታውቃታለህ? ሂድና ፈልጋት፣ ይህች ልጅ ፈልጋ አግኝታኛለች!» በዚህ ጊዜ ምዜውም ሳቁ፣ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ።

ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው፣ አሁን በለሰለሰ ድምፅ፣ ኦዳ ስለመወለዷ ሹር መሆኗን ጠየቋት። ሰናይት አልቸኮለችም። የአኮን እጅ አየች፣ እናቴን አየች። «ሹር» አለች፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ ማንም ደግሞ አልጠየቃትም። እኔ ወንበሬ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ፣ አባቴ ሸሚዜን ጎትቶ አስቀመጠኝ።

በመስከረም፣ ኪፓንዴው እስኪደርስ የተሰጣትን የመጠበቂያ ወረቀት ደረቷ ሥር ይዛ ተሳፈረች፣ አስፋልቱ ገና አልደረሰልንም ነበርና ሁለት ቀን ሙሉ በአቧራ ተጉዛ። በየኬላው ወረቀቱን አይተው መለሱላት። ዛሬ ማርሳቢት ታስተምራለች፣ አኮ ዳርሚ ያረፉ ጊዜም ከእኛ ሁሉ ቀድማ ቦሪ የደረሰችው እሷ ነበረች።

የእኔ ተራ ሲደርስ እንዲያ አልሆነም። እኔ የተወለድኩት ሆስፒታል ስለሆነ ካርድ ነበረኝ፣ ሽማግሌዎቹ አገላብጠው አዩት፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁኝ ፈርመው ሰደዱኝ። ያን ቀን እናቴም ሱቋን አልዘጋችም፣ አባቴም ከሥራው አልቀረም፣ እኔም እንዴት ቀለለኝ ብዬ ተደስቼ ወጣሁ። አሁን ግን፣ ዕድሜዬ ሲገፋ፣ አንዳንድ ጊዜ ካርዱን አውጥቼ አየዋለሁ። ግርጌው ላይ ያዋለደችኝ ነርስ ፊርማ አለ፣ ስሟ አይነበብም። በእህቴ እቀናለሁ፣ ለእኔ ማንም ከሩቅ መጥቶ፣ ጠረጴዛ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ» አላለልኝም።