የቅሬው ቁልፍ

ሙሐመድዘይን በወሎዋ መርሳ ከተማ ሁለት ሹመት ነበረው። አንደኛው የቅሬ ዳኝነት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን የሚቀባበርበት ማኅበር አለቃ። ሁለተኛው በገዢው ፓርቲ ስም ያገኘው የቀበሌ ምክር ቤት አባልነት።

ቅሬው ላይ ዳኛው እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ይጠይቃል፤ የራሱን ስም መጨረሻ ላይ ይጠራል። አንድ ሰው «አልተዋጠልኝም» ካለ ነገሩ ያድራል። ምክር ቤቱ ላይ ግን ስም አይጠራም። ዝም ያለ ሁሉ ደግፏል።

በሐምሌ 2013 ጦርነቱ በቆቦ በኩል ሲገፋ፣ የትግራይ ተወላጅ ወንዶችን ወደ ማቆያ የመላክ ሐሳብ ለምክር ቤቱ መጣ። በዝርዝሩ ሦስተኛው አናጢው ሃይላይ ነበር፤ የሙሐመድዘይን የሰላሳ ዓመት ጎረቤት፣ የቅሬው ድንኳን ጠባቂ።

ከጉባኤው በፊት የፓርቲው አባላት ለብቻ ተሰበሰቡ። ሙሐመድዘይን ተነሳ።

«ሃይላይ ስኳር አለበት፤ በቀን ሁለቴ መርፌ ይወጋል። እዚያ ማን ይሰጠዋል? ምንስ አጠፋ? የክርስቲያናችንን ሣጥን፣ የእስላማችንን ቃሬዛ የሠራ እሱ አይደለም?»

ሰብሳቢው ግርማ ፈገግ አለ። «ጋሽዬ፣ ምክር ቤቱንም ቅሬ ሊያደርጉት ነው!» ቤቱ ሳቀ። «እዚህ ይከራከሩ። ከዚህ በር ስንወጣ ግን አንድ ነን። በዚህ ሰዓት የሚለይ ሰው ለማን እንደሚሠራ ይጠየቃል።»

ድምፅ ተሰጠ። ብቻውን ቀረ።

ጉባኤው ላይ ግርማ «የሚቃወም?» አለ። ሙሐመድዘይን ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። እንደማይጠራ ምክር ቤት ከገባ ከአሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ ያውቃል። ግን ከጠሩኝ ተጠይቄ መለስኩ እላለሁ፣ ከፓርቲው ተለየ አይሉኝም ብሎ ጠበቀ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር።

«በሙሉ ድምፅ ፀድቋል።»

ተጨበጨበ። እሱም አጨበጨበ።

በማግስቱ ሃይላይ ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ አየው። «አይዞህ!» አለው፣ የሚሄደው እሱ ሆኖ ሳለ። «አንተ እዚያ ካለህ ብዙ አልቆይም።»

ዘጠኝ ቀን ቆየ። በአሥረኛው መሞቱ ተሰማ፤ አስከሬኑ ግን አልመጣም። ሚስቱ ለተሚካኤል ድንኳኑ የሚቀመጥበትን ቤት ቁልፍ ይዛ ሙሐመድዘይን ደጅ ቆመች።

«ወንድሜ፣ የምቀብረው የለኝም። ድንኳኑ ግን ይተከልለት ይሆን?»

የቅሬውን አባላት አስጠራ። የፈራው ብዙ ነው፤ ሰባት ሰው ብቻ መጣ። ሙሐመድዘይን ለተሚካኤል ባለችበት ቁልፉን ፊቱ አስቀምጦ እንደ ደንቡ እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ጀመረ።

«ወንድሙ?»

«ይተከል።»

«ታደሰ?»

«ይተከል እንጂ! የሱን ድንኳን ያልተጠለለ ማን አለ?»

ሰባቱም ይተከል አሉ። የቀረው የራሱ ስም ነበር። ሊጠራው አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም።

ለተሚካኤል የተጨነቀላት መስሏት ልታጽናናው ሞከረች። «ሃይላይ ያውቅሃል እኮ። ‹ሁሉም ቢያጨበጭብ እሱ አያጨበጭብም› ብሎኝ ነው የሄደው።»

ሙሐመድዘይን መሬት መሬቱን አየ።

«አጨብጭቤያለሁ፣ ለተሚካኤል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ከፊቱ አነሳችና ለታደሰ ሰጠችው።

ድንኳኑ ተተከለ። ሙሐመድዘይን ካስማ ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እያንዳንዱን ካስማ ግን ሌላ ሰው ይዞታል።