ፍላሽ የሚታጠብበት ቤት

እስቲ ያቺን ማንቆርቆሪያ እዩልኝ። ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሳፋ ውስጥ የተቀመጠችውን አረንጓዴ ፕላስቲክ። ኮምፒውተር አጠገብ ውሃ ይቀመጣል? አይቀመጥም። ኡምኩልሱም ግን ታስቀምጣለች። ምክንያቱን ልንገራችሁና፣ ከዚያ በኋላ ከቻላችሁ ሳቁባት።

ኡምኩልሱም መካነ ሰላም ተወልዳ፣ አሥራ አንድ ዓመት ዓረብ አገር የሰው ወለል ስትወለውል ኖራ የተመለሰች ሴት ናት። ሌላው ወርቅና ብርድ ልብስ ይዞ ሲገባ፣ እሷ የአሠሪዋ ልጆች የጣሉትን ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልላ ገባች። አስተማሪ የለ፣ ሰርተፊኬት የለ፤ እየነካካች፣ እያበላሸች ነው የተማረችው። ዛሬ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ላሉባቸው እናቶች ቅጽ ትሞላለች፤ ከልጆቻቸው የመጣውን ድምፅና ቪዲዮ በየስማቸው ታስቀምጥላቸዋለች። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ኮምፒውተሩን በዳንቴል የሸፈነውን ሁሉ ታስንቃለች። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

እሷም መጀመሪያ ተሳስታለች። የአክስቷ ልጅ አህመዲን የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ይዞ ከአጅባር መጣ። የእንግዳ ፍላሽ እንዴት ይመለሳል? ሰካችው። ሙሽራው ሙሽሪት ቤት ሳይደርስ የእናቶቹ ፋይል ሁሉ ሾርትከት ሆነ፤ ቢነኩት አይከፈትም። ደንግጣ ያገኘችውን ሁሉ ጫነች፤ አንድ ነፃ አንቲቫይረስ፣ አንድ ቁልፉ ተሰብሮ ከሰው የተቀዳ ክራክ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሦስተኛ። አንገት ላይ ሦስት ክታብ እንደማሰር! ሦስቱ እርስ በርስ ሲጠራጠሩ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። ክራክ የተባለውማ ራሱ ቫይረስ አዝሎ የመጣ ነበር። በመጨረሻ ሁሉን አጥፍታ እንደገና ጀመረች። የአራት እናቶች የልጆች ድምፅ በዚያው ቀረ። እሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም፤ ራሷን ማለቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ብቻ፣ ነፃውን፣ ከራሱ ከሠሪው ገጽ የወረደውን ነው የምትጠቀመው። «ነፃ ነገር ምን ይረባል?» ትላላችሁ። ትጭኑትና ዓመት ሙሉ አፕዴት ሳታደርጉት ትተዉታላችሁ፤ ያልቀለቡት ውሻ ሌባ ሲያሳልፍ ትሰድቡታላችሁ። እሷ ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት እንኳ በየወሩ በአቀስታ በኩል ደሴ ድረስ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ አፕዴቱን በንጹሕ ፍላሽ ይዛ ትመለሳለች። ቤታችሁ ኢንተርኔት ያላችሁ፣ ስሙኝ!

ባለፈው ጥር፣ በገበያ ቀን፣ ወይዘሮ የሻለም ከወንድማቸው ከአያ ምንይችል ጋር ከገጠር መጡ። ልጃቸው ንግሥቴ ዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ናት፤ ድምፅዋ ከጠፋ አራት ወር ሆኖታል። የምትሠራበትን ቤት የሚያውቅ የለም። ያለው አንድ ቪዲዮ ነው፤ በመስኮት ሆና ሰፈሯን እያሳየች የላከችው፣ በአንድ ፍላሽ ላይ። ያ ፍላሽ ደግሞ የጎረቤቱን ቤት ሁሉ ዞሮ ሲመለስ ምንም አይከፈትበትም። አንድ ባለሱቅ አይቶት ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ጠፍቷል፤ ያለበትን ጠርጌ ፎርማት ላድርገውና ዘፈን ልሙላላችሁ።» ዘፈን!

«ልጄ፣ ቶሎ በይልን፣ መኪናችን ሊሄድ ነው» አሉ አያ ምንይችል።

«አብሽሩ አያ። መጀመሪያ ግን ፍላሹ ይፈተሻል።»

«ምን ሊገኝበት?»

«በሽታ ይዞ እንደሆነ።»

አያ ምንይችል ብድግ አሉ። «የበሽተኛ ቤት ሰዎች ናችሁ ነው የምትይን? ያ ባለሱቅ እንኳ እንዲህ አልሰደበንም! ተነሽ የሻለም፣ እሱ ጋ እንመለስ!»

«ልጄን ፍለጋ ነው የመጣሁ፣ ያንተን ክብር ፍለጋ አይደለም!» አሉ እህታቸው። አያ ምንይችል ግን ፍላሹን ጨብጠው በሩ ላይ ደርሰዋል። ከወጡ ቀጥታ ወደ ፎርማት ነው። ኡምኩልሱምም ሳትፈትሽ እንዳትከፍተው የሌሎቹ እናቶች አደራ አለባት።

አልተከራከረችም። ጓዳ ገብታ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን አመጣች፤ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፊታቸው ጎንበስ አለች።

«ይታጠቡ አያ።»

የአገራችን ሰው ውሃ ቀርቦለት እጁን ይሰበስባል? ፍላሹን ለእህታቸው ሰጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «ምሳ ነው እንዴ?»

«እሱም ይደርሳል። አሁን ቆሻሻ ነዎት አልኩዎት?»

«ኧረ አላልሽም!»

«እጅዎ በመንገድ ስንት ነገር ነክቷል። ፍላሹስ ስንት ቤት ገብቶ ወጥቷል? እሱም ይታጠብና ማዕዱ ይቅረብ።»

አያ ምንይችል ውሃ የሚያንጠባጥብ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «ወላሂ፣ በገዛ እጄ ያዝሽኝ!» አሉና ተቀመጡ። ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ላይ ወላሂን ማን ይከለክላል?

ፍላሹ ተፈተሸ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ታሞ ተገኘ። መኪናቸው ጥሏቸው ሄደ፤ ማንም ግድ አልሰጠው። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይሉን አይበላውም፤ ይሰውረውና በቦታው አታላይ ምልክት ይተክላል። አንቲቫይረሱ ምልክቱን ከነተካዩ አስወገደ፤ ኡምኩልሱም ደግሞ የተሰወረውን እንዲታይ አዘዘች። ቪዲዮው ሲከፈት ንግሥቴ በመስኮት ቆማ፣ «እማ፣ ይኸው ፋርማሲው፣ ማዶ ደግሞ መስጊዱ» ትላለች። ወይዘሮ የሻለም ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። የፋርማሲው ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ያኔም ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበርና በማግሥቱ ኡምኩልሱም፣ ወሩ ሳይደርስ፣ ደሴ ሄደች። ቪዲዮውን እዚያው ዓረብ አገር ላለችው ጓደኛዋ ለፈርሂያ ላከችላት፤ ፈርሂያም በፋርማሲው ስም ሰፈሩን አፈላልጋ ደረሰችበት። በአሥራ አንደኛው ቀን የአያ ምንይችል ስልክ ጮኸ፤ በፈርሂያ ስልክ የደወለችው ንግሥቴ ነበረች። አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተዋት ኖሯል። ገና አልተመለሰችም፤ ግን ያለችበት ታውቋል፣ እናቷም በየእሑዱ ድምፅዋን ይሰማሉ።

ነፃ ሶፍትዌር ሰው ያገኛል ብዬ አልዋሽም። ያገኘቻት ፈርሂያ ናት። ግን ያ ፍላሽ ሳይፈተሽ ፎርማት ቢደረግ ፈርሂያ ምን አይታ ትፈልግ ነበር? ማንቆርቆሪያዋም ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጓዳ አልተመለሰችም፤ እንግዳ ፍላሽ ባወጣ ቁጥር ውሃ ይፈስለታል፣ ቅሬታም የለም።

እንግዲህ አንተ፣ አንቺም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ያለውን አንቲቫይረስ ዛሬውኑ ክፈቱና አፕዴት አድርጉት። ፍላሽ ይዛችሁ ሰው ቤት ስትገቡም፣ ባለቤቱ አፍሮ ሳይሰካው በፊት፣ እናንተው ቀድማችሁ «አስታጥቡልኝ» በሉ።