ያልቀለጠው ስኳር

ይህን ለባሌም ለልጆቼም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ ፍረዱብኝም።

በደርግ ዘመን ደሴ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ጋሽ ሰይድ የኩታበር ሰው ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት ጸጉራቸው ከሸበተ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ብልቃጦቹ ላይ ስም የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቃል በጻፉ ቁጥር ራቅ ብለው ያዩታል፤ እኔም እስቅባቸው ነበር።

ስኳር በቀበሌ ራሽን የሚገኝበት ጊዜ ነው። እናቴ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሻይ ያለ ስኳር ማቅረብ አሳፈረኝና የቤተ ሙከራውን ወሰድሁ። እኔ ነኝ የወሰድሁት። ብልቃጡ ባዶ እንዳይታይ ደቃቅ ጨው ሞላሁበት፤ ራሽኔ ሲደርሰኝ ልመልስ አስቤ።

በማግስቱ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች መጡና የዕለቱን ሙከራ አሳዪን አሉኝ። ትምህርቱ ቀላል ነበር። ስኳር በአልኮል መብራት ቶሎ ይቀልጣል፤ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ኃይል ደካማ ነውና። የጨው አዮኖች ግን በየአቅጣጫው አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ያ እሳት አይበግራቸውም። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ የሚሆነውን እያወቅሁ መብራቱን ለኮስሁ። ለምን አልተውሁትም? የመንግሥት ንብረት ሰረቀች መባልን ፈራሁ።

ስኳር የተባለው አልቀለጠም። «ጓድ መምህርት፣ ምነው?» አሉኝ እንግዶቹ።

«ሠራተኛው ማንበብና መጻፉን ገና በቅጡ አልለመዱም፤ ተምታቶባቸው ነው» አልሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልሁት።

ጥግ ላይ ቆመው የነበሩት ጋሽ ሰይድ ብልቃጡን አዩ፣ እኔን አዩ። «ወላሂ፣ ስኳሩ ላይ ስኳር ብዬ ነው የጣፍሁ» አሉ። ማን ይስማቸው?

ከቤተ ሙከራ አንስተው የበር ዘበኛ አደረጓቸው። ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶ ሲይዙ አላየሁም። ከወራት በኋላ ወታደሩ ልጃቸው ከጦር ግንባር ደብዳቤ ላከላቸው። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ይዘውት ወደ እኔ መጡ።

«ያንብቡልኝ እትዬ፤ እኔ ያምታታኛል» አሉኝ።

ያሾፉብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። የምራቸውን ነበር። የዋሸሁትን እሳቸውም አምነውታል።

በእንግዶቹ ፊት ለዋሸሁት በዘመኑ ላሳብብ እችላለሁ። ለዚህኛው ግን በማን ላሳብብ? በሩ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ የሚጠይቀኝ ጓድ አልነበረም። «የተሳሳቱት እርስዎ አይደሉም» ሳልላቸው ደብዳቤውን አንብቤላቸው ወደ ክፍሌ ገባሁ።