አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ

እኛ ቢሮ የሥራ ባልደረባዬን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ጋሽ ደቂቃ ነበር የምንለው። የአውሮፕላን ትኬት መሸጥ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እኔም ከጎኑ ባለው መስኮት አስራ ሁለት ዓመቴ። ተጓዦች ከየት ወዴት እንደሚሄዱ ከነገሩት፣ ኮምፒዩተሩን ሳያይ ርቀቱንና የበረራውን ሰዓት ይዘረግፍላቸው ነበር። ሲሳሳት አይቼው አላውቅም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። አንዲት እናት “ልጄ ያለበት አገር ሩቅ ነው እንዴ?” ብላ እንባዋ ሲመጣ፣ “ሁለት ሰዓት ከአርባ” ብሎ ትኬቷን ሰጣት።

ለእሱ መንገድ ማለት የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት ከለቀቀበት መልሶ እስኪነካ ነበር። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ያለው የኛ ሥራ አይደለም ይል ነበር።

አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው ታላቅ እህቱ ሌላ ከተማ ትኖር ነበር። በመኪና ተራራውን ዞሮ አስራ አራት ሰዓት፣ በአየር ግን አምስት መቶ አስር ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ስድስት ዓመት አልሄደም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? በደወለች ቁጥር “አንቺ ደግሞ፣ እትዬ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው። በፈለግሽኝ ቀን ጥሪኝ” ይላታል። እሷም ላለማስቸገር ብላ አትጠራውም።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደውላ ጠራችው። ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል።

“ዛሬ ናልኝ፣ የኔ ልጅ። ደክሞኛል።”

የአምስት ሰዓቱ አውሮፕላን ላይ ቦታ ነበር። “ተነስና ሂድ፣ መስኮትህን እኔ እይዝልሃለሁ” አልኩት። ሰልፉን አየና “እነዚህን ሁሉ ጥዬ? የአስር ሰዓቱ ይበቃኛል። አስራ አንድ ከአምስት ላይ እዚያ ነኝ” አለኝ። ለእሷም ይህንኑ ነገራት። ጎትቼ አለማስነሳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አውሮፕላኑ ዝንፍ ሳይል አስራ አንድ ከአምስት ላይ አረፈ። ከዚያ ግን ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ለጥገና የተዘጋ ድልድይ አለ፣ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ አለ። ቤቷ ሲደርስ አስራ ሁለት ተኩል ሆኗል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጎረቤቷ ደጃፉ ላይ ተቀብላ እንዲህ አለችው፦

“አስራ አንድ ከአምስት ሲል ቀና አድርጉኝ አለችን፤ ትራስ አስደገፍናት። ‘ወንድሜ ደርሷል፣ በሩን ክፈቱለት፤ እሱ ከሰዓቱ አያልፍም’ አለች። ብርድ ገባብሽ፣ እንዝጋው ብንላት እምቢ አለች። አስራ ሁለት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል አረፈች።”

ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ከሐዘን የተመለሰ ዕለት። አብሬው አለቀስኩ።

አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ነው። ጋሽ ደቂቃ ብሎ የሚጠራው ግን የለም፤ አፋችን እምቢ አለን። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት መጥታ “እናቴ ታማብኝ ነው፤ በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?” አለችው።

“ከአየር ማረፊያው እናትሽ ቤት በር ድረስስ?”

“እንጃ፣ አስቤው አላውቅም። ብቻ ቅርብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ብሄድ ይሻለኛል።”

እንዳልሰማ ሆኖ ቀድሞ የሚነሳውን አውሮፕላን ትኬት ቆረጠላት።